«ይከላከላል» በሚለው ቃል ላይ የቀረበ ሒስ፤ ስለ ጓያ፣ ስለ ወጥ ቅመምና ስለ ነርቭ ሕዋስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ እጽዋት መድኃኒትነት በሚጻፉ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ አንድ ቃል እየበዛ ሄዷል፤ ቃሉም «ይከላከላል» የሚል ነው። አንድ ቅጠል ወይም አንድ ሥር ከገጠር ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በአልኮል ይዘፈዘፋል። ከዚያ የተገኘው ጭማቂ በብልቃጥ ውስጥ የኦክሳይድን ጉዳት ምን ያህል እንደሚገታ ይለካል። በጽሑፉ መደምደሚያ ላይም ተክሉ የአንጎልን ሕዋሳት ከአልዛይመርና ከፓርኪንሰን በሽታ ሊከላከል ይችላል ተብሎ ይጻፋል። ከብልቃጡ እስከ አንጎሉ ያለው መንገድ ግን ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ብዙ ጊዜ አይገኝም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህንኑ መንገድ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ምሳሌ አድርገን የመረጥነው የምዕራብ ጎጃምን ገጠር ነው። ከተማሪ ባልንጀሮቻችን መካከል ዕፅ ለመልቀም ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ አካባቢ ለመውጣት የሚያስቡ አሉ፤ የሚያስቡትም አብዛኛውን ጊዜ የቅጠላ ቅጠል ስም ዝርዝር ይዞ መመለስን ነው። ነገር ግን በነርቭ ላይ የሚሠራ የእጽዋት ውሑድ ለማግኘት ጫካ መግባት ግድ አይደለም። የጎጃም ገበሬ የሚዘራቸውን ጥራጥሬዎች መመልከት ይበቃል። ባቄላ፣ ግብጦና ጓያ ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሦስቱም በነርቭ ላይ የሚሠራ ውሑድ በውስጣቸው አለ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ከባቄላ እንጀምር። በባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ የተባለ ውሑድ ይገኛል። ማርኩስ ጉግንሃይም የተባለው ኬሚስት ይህን ውሑድ ከባቄላ ለይቶ ያወጣው በ1913 ነበር፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ለፓርኪንሰን በሽታ ሕክምና ዋለ፤ እስከ ዛሬም ከዚህ በሽታ ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሥራውም ግልጽ ነው፤ አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን ይለወጥና የሞቱት ሕዋሳት ያጎደሉትን ይተካል። የቀሩትን ሕዋሳት ግን ከሞት አያድንም። እንግዲህ ከእጽዋት ከተገኙት የነርቭ መድኃኒቶች መካከል እጅግ የታወቀው እንኳ በሽተኛውን ይረዳል እንጂ ሕዋሱን ይከላከላል አይባልም። በተጨማሪም ሌቮዶፓ የሚበዛው በአበባውና በለጋው ቆባ እንጂ በደረቀው ፍሬ አይደለም፤ ስለዚህ «ባቄላ ሌቮዶፓ አለው» ብሎ ማቆም የትኛው ክፍልና በየትኛው ጊዜ ተለቅሞ የሚለውን ጥያቄ መዝለል ነው።

ሁለተኛው ግብጦ ነው። የግብጦ ፍሬ ሉፓኒንን በመሳሰሉ መራራ አልካሎይዶች የተሞላ ነው። እነዚህ ውሑዶች አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋሉ፤ በብዛት የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ዓይኑ ይፈዝዛል፤ ራሱን ያዞረዋል። የጎጃም ሰው ግን ግብጦን ሲበላ የኖረ ነው። ፍሬው ይቆላል፤ ከዚያም ምሬቱ እስኪወጣለት ድረስ ለቀናት በወራጅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ተልጦም ይበላል። ለአረቄም ይውላል። አልካሎይዱ በውኃ ስለሚሟሟ ወንዙ ይዞት ይሄዳል። ይህ ከቤተ ሙከራ ያልተወሰደ፣ ነገር ግን ቤተ ሙከራ ሲመረምረው ትክክል ሆኖ ያገኘው ዕውቀት ነው።

ሦስተኛው ጓያ ነው፤ የዚህም ነገር ከባድ ነው። ጓያ ዝናም ሲያጥር፣ ሌላው እህል ሲጠፋ፣ በጥቁር አፈር ላይ በቀረችው እርጥበት ብቻ በቅሎ ለድኻው ይደርስለታል። በውስጡ ግን ቤታ ኦዳፕ የሚባል ውሑድ አለ፤ ይህንንም የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ኦዳፕ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ስለሚመስል በእርሱ ቦታ ተቀምጦ ሕዋሱን ያለ ዕረፍት ያነሣሣዋል። ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ ሕዋሱም በኦክሳይድ ጉዳት ይጎሳቆላል። በተለይ የሚጎዱት እግርን የሚያንቀሳቅሱት የላይኞቹ ነርቮች ናቸው። ከምግቡ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ሆኖበት ለጥቂት ወራት የቆየ ሰው እግሩ ሊደርቅና ሊተሳሰር ይችላል፤ አእምሮው ደኅና ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ሙሉ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ወይም በእጁ ይድሃል። በሽታው አይመለስም፤ መድኃኒትም የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚመታውም ወጣቱን ወንድ፣ አራሹን ነው። ጎንደር በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የወሎዎቹ ደላንታና ዳውንት ደግሞ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይህን በወረርሽኝ መልክ አይተውታል።

እዚህ ላይ ግብጦንና ጓያን አስተያይቶ መመልከት ይገባል። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ጓዳ፣ በአንድ ዓይነት ባለሙያ ሴቶች እጅ ሁለቱም ይዘጋጃሉ። የግብጦ መርዝ መወገጃው ታውቋል፤ የጓያው ግን በዚያ ልክ አልታወቀም። ለምን? ግብጦ መራራ ስለ ሆነ ነው። መርዙ መውጣቱንና አለመውጣቱን ምላስ በዚያው ሰዓት ይፈርዳል። ጓያ ግን ይጣፍጣል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዎች ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈለጉት፤ አንዳንዶች ጓያ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎት፣ አንዳንዶችም ገለባውን መርገጥ ወይም በላዩ መተኛትን ይፈራሉ። ይህ የአስተዋይነት ጉድለት አይደለም፤ ዓይንና ምላስ ሊደርሱበት የማይችሉት ነገር በመሆኑ ነው።

ከዚህም ለዋናው ነገራችን የሚጠቅም አንድ መመዘኛ እናገኛለን። የአባቶች ልማድ ምስክርነቱ የሚጸናው ውጤቱ ቶሎ በሚታይ ነገር ላይ ነው፤ ሆድ የሚያስቀምጥ፣ ትኩሳት የሚያበርድ፣ ቁስል የሚያደርቅ ዕፅ ቢኖር ልማዱ ሊያውቀው ይችላል። «የአንጎልን ሕዋስ ይከላከላል» የሚባለው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችል የነበረ በሽታ እንዳይመጣ ማድረግ ማለት ነው። ያልመጣን በሽታ ማንም መድኃኒት ዐዋቂ፣ ደብተራም ቢሆን፣ በዓይኑ ሊያየው አይችልም። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ «ይህ ተክል በባህል መድኃኒትነት ሲያገለግል ኖሯል» ብሎ ጀምሮ «ስለዚህ አንጎልን ይከላከላል» ብሎ ሲጨርስ ምስክሩን ባልዋለበት ቦታ እያቆመው ነው።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ አንድ የታወቀ ጥናት እንመለስ። ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፈርናንድ ላምባንና ባልደረቦቻቸው ከወሎው ወረርሽኝ ጀምሮ በጓያ በሽታ ላይ ተከታታይ ጥናቶችን አውጥተዋል። ከእነዚህ አንዱ በ2005 በሞቃት አገሮች ሕክምና መጽሔት የታተመው ነው። የጥናቱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የበሽታው አደጋ ጓያው በሚዘጋጅበት መንገድ ይለያያል፤ ደግሞም ከእህል ጋር በመቀላቀሉና የኦክሳይድን ጉዳት በሚገቱ ቅመሞች፣ እንደ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባሉት፣ በመሠራቱ ይቀንሳል። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከአደጋው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል፤ በቅመም የተሠራው ወጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥናቱ የተደረገው ከዓባይ ማዶ ቢሆንም ለጎጃምም ይሠራል፤ ጓያው አንድ ነው፤ ሽሮውም፣ ቆሎውም፣ ንፍሮውም አንድ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ደግሞ በበርበሬ የታወቀ አገር ናቸው፤ «የወጥ ቅመም ነርቭን ይከላከላል» የሚል ቃል በዚያ ቢሰማ በደስታ የሚቀበለው ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እንስጥ። ጥናቱ ዕፁን ብቻ ሳይሆን ድስቱንም ጠይቋል። አንድ ፍሬ በቆሎ መልክ ሌላ፣ በወጥ መልክ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ብዙ የእጽዋት ጥናቶች የማያደርጉት ነገር ነው። የተመረመሩትም አይጦች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው፤ የተቆጠረውም በብልቃጥ የታየ ቀለም ሳይሆን በእውነት የደረሰ ሽባነት ነው። ከዚህ የተነሣ በብዙ መቶ ከሚቆጠሩት የብልቃጥ ሙከራዎች ይልቅ ይህን አንዱን ጥናት እናከብራለን። ትችታችንም የሚመጣው ከአክብሮቱ ነው፤ የተመረመረውን ያህል ሊመረመር የሚገባው እንዲህ ያለ ሥራ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን ስለ ኑሮ ነው። ጥናቱ ታማሚዎችንና ጤነኞችን ጠይቆ ያነጻጸረ እንጂ ለአንዱ ወገን ቅመም ሰጥቶ ለሌላው የነሣ ሙከራ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሙከራ በሰው ላይ ማድረግም አይገባም። ታዲያ በድርቅ ዓመት ወጡን በሽንኩርትና በዝንጅብል የሚሠራ ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ገንዘብ ወይም ጓሮ ያለው ቤት ነው። በክፉ ቀን ሽንኩርት ያለው ሰው ጓያ ብቻ አይበላም። ወጥ ከተሠራ ደግሞ እንጀራ አለ፤ እንጀራ ካለ እህል አለ። ስለዚህ ቅመሙ ራሱ ተከላካይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ቅመሙ የእህል መኖር ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች በስሌት እነዚህን ለመለያየት ይጥራሉ፤ ነገር ግን ድኽነትን የሚያህል ነገር በጥቂት ጥያቄዎች ተለክቶ አያልቅም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ስለ መጠን ነው። ቆሎ የሚቆረጥመው እረኛና አራሽ የሚበላው ጓያውን ራሱን ነው፤ በእፍኝ ሙሉ፣ ያለ ማባያ። በወጥ ውስጥ ያለው ግን በብዙ ውኃ የተበጠበጠ ጥቂት ሽሮ ነው። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፤ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ብዙው ክፍል አብሮ ይሄዳል፤ ውኃው ካልተደፋ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በቆሎና በወጥ መካከል ያለው ልዩነት የሽንኩርት ሥራ ከመባሉ በፊት የጓያው ብዛት ልዩነት አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄያችን ስለ ምክንያቱ ነው። ጓያ ፕሮቲን የበዛበት ቢሆንም ሜታዮኒንና ሲስቴይን የተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። የነርቭ ሕዋስ ግን ራሱን ከኦክሳይድ ጉዳት የሚጠብቅበትን ግሉታታይን የሚሠራው ከእነዚህ ነው። ጤፍና ሌሎች እህሎች ይህን ጉድለት ያሟላሉ። ይህ ከሆነ «የእጽዋት ተከላካይ ውሑድ» እያልን ስንፈልገው የኖርነው ነገር በሩቅ ጫካ ያለ ብርቅ ሥር ሳይሆን በሞሰቡ ላይ ያለው እንጀራ ነው ማለት ነው። የነዚሁ ተመራማሪዎች በ2003 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ በርእሱ የጠራው በረኀብ ጊዜ በርዳታ የሚሰጥን እህል መሆኑ ይህን አስተያየታችንን ያጠናክርልናል። ሽንኩርቱን አንሥቶ እህሉን የሚረሳ አንባቢ ጥናቱን በግማሹ አንብቧል።

የኦክሳይድን ጉዳት መግታት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ በሌላው ዓለምም ታይቷል። የእርድ ውሑድ የሆነው ኩርኩሚን በብልቃጥም በአይጥም ብዙ ተስፋ አሳይቶ ነበር። በ2012 በታተመ የ24 ሳምንት ሙከራ ግን ለ36 የአልዛይመር ሕሙማን ተመድቦ ጥቅሙ ሊታይ አልቻለም፤ ወደ ደም የገባውም እጅግ ጥቂት ነበር። ጂንኮ የተባለው የቻይና ዛፍ ቅጠል በአሜሪካ በ3,069 አረጋውያን ላይ ለዓመታት ተፈትኖ ውጤቱ በ2008 ሲታተም የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ ታወቀ። እነዚህ ከአንጀት እስከ ደም፣ ከደም እስከ አንጎል ባለው መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። ጋላንታሚን የተባለው የአበባ ሥር ውሑድ ግን መንገዱን ጨርሶ በ2001 በአሜሪካ ለአልዛይመር ተፈቅዷል፤ እርሱም ቢሆን እንደ ሌቮዶፓ ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆምም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ጊዛዋስ?» ይለን ይሆናል። ጊዛዋ በአገራችን የታወቀ ዕፅ ነው፤ ለመጋኛና ለክፉ መንፈስ ይታጠናል። ህንዶችም አሽዋጋንዳ ብለው ያከብሩታል። በ2012 የህንድ ተመራማሪዎች የሥሩን ጭማቂ የአልዛይመር ዓይነት በሽታ ላለባቸው አይጦች ሰጥተው መልካም ውጤት አግኝተዋል። ይህ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ አንክድም። ነገር ግን አይጦቹ ሥሩን ውጠዋል፤ የእኛ ሰው ጢሱን ታጥኗል። አይጦቹ የታከሙት ከመርሳት ነው፤ የእኛ ሰው የታጠነው ከመጋኛ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ «የአባቶቻችን ዕውቀት በሳይንስ ተረጋገጠ» ማለት አባቶችንም ሳይንስንም ያላሉትን ማስባል ነው።

ከትችት በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን መጠቆም ግዴታችን ነው። ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ተማሪ ከቅጠሉ ዝርዝር በፊት ከገበያው ሽሮ ይጀምር። በሽሮው ውስጥ ስንት እጁ ጓያ እንደ ሆነ፣ ኦዳፑም ምን ያህል እንደ ሆነ ይለካ፤ የኦዳፕ መጠን በድርቅና በአፈር ጠባይ ከፍና ዝቅ ይላልና የአንድ ዓመት ልኬት አይበቃም። ሁለተኛም ሁለት ድስት ይጣድ። አንድ ዓይነት ሽሮ፣ አንዱ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበርበሬ፣ ሌላው በጨው ብቻ ይሠራና በሁለቱ የቀረው ኦዳፕ ይመዘን። ቅመሙ መርዙን የሚቀንሰው ገና በድስት ሳለ ከሆነ ነገሩ የምግብ ሥራ ነው፤ በድስት ካልቀነሰ ግን ስለ ነርቭ ለመነጋገር በር ይከፈታል። ሦስተኛም በየቤቱ ሲጠየቅ «ጓያ ትበላላችሁ?» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ ስንት ወር፣ በምን መልክ፣ ከምን እህል ጋር፣ ከቤተ ሰቡስ ማን ቆሎውን ይዞ ወደ እርሻ ይወጣል የሚለው ይመዝገብ። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያና የውጭ ገንዘብ ሳይጠብቅ ሊጀመር የሚችል ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ቃልን ለመሰንጠቅ አይደለም። ጎጃም የእህል አገር ነው ብለን እንመካለን፤ ዛሬም ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበቆሏቸው ይታወቃሉ። ነገር ግን መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ጠብቧል፤ ዝናሙም እንደ ቀድሞው አይታመንም። ክፉ ዓመት በመጣ ጊዜ ጓያ በሞሰቡ ላይ የሚኖረው ድርሻ ያድጋል። ያን ጊዜ «ቅመም ነርቭን ይከላከላል» የሚል ከእኛ ዘንድ የወጣ ያልበሰለ ቃል እስከ ገጠሩ ቢደርስ ሁለት ጥፋት ያደርሳል፤ ገበሬው በዝንጅብል ተማምኖ ጓያውን ያለ ስጋት ይበላል፤ እህል ማድረስ የሚገባው ወገንም ምክር በመስጠት ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። የደረቀ እግር ደግሞ በማረሚያ ጽሑፍ አይዘረጋም።

ስለዚህ ሐሳባችንን እንዲህ እንደመድማለን። በብልቃጥ የታየ በብልቃጥ ታየ ይባል፤ በአይጥ የታየም በአይጥ። ምልክት የሚያስታግሰው «ይረዳል» ይባል። «ይከላከላል» የሚለው ቃል ግን በሰው ላይ ተፈትኖ በሽታውን ማስቀረቱ ለታወቀ ነገር ብቻ ይቀመጥ። የጓያን በሽታ በሚመለከት ዛሬ በእጃችን ያለው የታመነ መከላከያ ጓያን አለማብዛት፣ ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከጤፍና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትና በድርቅ ጊዜ እህሉ በወቅቱ መድረሱ ነው። ሽንኩርቱ ገና ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ጥሩ ጥያቄ ስለ ሆነ ከባልንጀሮቻችን የሚመልሰው እንዲነሣ እንመኛለን።